እትዬ ፈትያና ግትሩ ውሃ

እትዬ ፈትያ ማረፏን የነገረችኝ የእህቷ ልጅ ሰሚራ ናት። ከድሬዳዋ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «ቲጂ፣ እትዬ ወደ አኼራ ሄደች። ትናንት ነው፤ ትናንትናውኑ ተቀበረች። ላንቺ እንድነግርሽ አደራ ብላኝ ነበር» ትላለች። ከበስተኋላ የሴቶች ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ሰው በሩን ዝጉ ይላል፣ ከዚያ ያልቃል። ደጋግሜ ሰማሁት። ሌላ የተናገረችው ነገር ያለበት መስሎኝ ነበር። የለበትም።

ልቅሶ መድረስ አልቻልኩም። ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሩቅ አገር አይደለም፤ ግን የመኖሪያ ወረቀቴ ለእድሳት ገብቷል፤ አሁን ከወጣሁ መመለሴን እንጃ። ጎረቤቴ ሆዳን፣ ሶማሌ ናት፣ ወሬውን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጭና ቆመች። ከዚያ ሁለታችን እትዬ ፈትያ ትኖርበት በነበረው ክፍል ደጃፍ ሄደን ተቀመጥን። ክፍሉን አሁን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ሰውየው ብቅ ብሎ «ምን ፈለጋችሁ?» አለን። ምን እንበለው? «ምንም» አልነው፣ ግን አልተነሳንም። እሱም ግራ ገብቶት በሩን ገርበብ አድርጎ ተመለሰ።

የምንኖረው ካርቲየ ስድስት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር፣ ሦስት ክፍል ያለው አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አንዱ የእኔና የባለቤቴ የተፈራ፣ አንዱ የሆዳን፣ ሦስተኛው ባዶ ነበር። እትዬ ፈትያ ወደ ባዶው ክፍል የገባች ቀን እኔ ግቢው መሀል ቁጭ ብዬ የልጄን የማኅሌትን ቀሚስ እያጠብኩ ነበር። ሻንጣዋን በሯ ላይ አቆመችና ሰላም እንኳ ሳትለኝ መጥታ ራሴ ላይ ቆመች።

«ሳሙና መጨመሩን ተዪው» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሰፊ ድሪያ የለበሰች፣ ሽበቷ ከሻሿ ሥር የሚታይ ሴት ናት።

«አረፋው እምቢ ሲለኝ ነው የምጨምረው» አልኳት። «እርስዎ ደግሞ ማን—»

«እርስዎ አትበይኝ! ድሬ ላይ እርስዎ የሚባል ሰው የለም፤ ከንቲባውንም አንተ ነው የምንለው። አረፋው ምን አደረገሽ? እምቢ ያለው ውሃው ነው። አንቺ ሳሙና በጨመርሽ ቁጥር ውሃው ይበላዋል፤ የበላውን መልሶ ልብሱ ላይ ይተፋዋል። እዪ አቦ።»

ሳፋው ላይ እንደ ተቆራረጠ ወተት የተንሳፈፈውን ነጭ ነገር በጣቷ አንስታ አሳየችኝ። ከዚያ ከገመዱ ላይ የደረቀውን የልጄን ካናቴራ አወረደችና ዓይኗን ጨፍና በዓይኗ ቆብ ላይ አሸችው። ፊቷ ተኮማተረ።

«ይሄን ነው ልጅ የምታለብሺው? የብርጭቆ ወረቀት ነው እኮ!»

አፈርኩ፣ ተናደድኩም። ሰው ገና እቃውን ሳያስገባ እንዴት እንዲህ ይናገራል? መልስ ልሰጣት ስል ማሂ ከክፍላችን ወጣች። ማሂ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። የክርኗ እጥፋት፣ የጉልበቷ ጀርባ፣ አንገቷ ሥር ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ በጥፍሯ ያደማችው ነበር። እትዬ ፈትያ አየቻት። ካናቴራውን ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ስንት ጊዜ ሆናት?» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነ።

«ከተወለደች ጀምሮ» አልኳት።

ያን ቀን ሻንጣዋን ያስገባሁላት እኔ ነኝ። ቀሚሱን ያጠበችው እሷ ናት።

የማሂ ሕመም ችፌ ነው። ሐኪሙ ቆዳዋ ተፈጥሮው ደረቅ ነው፣ ቅባቱ አይቋረጥ፣ ልብሷ ላይ ሳሙና እንዳይቀር አድርገሽ አለቅልቂ አለኝ። እኔም አለቀልቅ ነበር። ክንዴ እስኪዝል አለቀልቃለሁ። ግን የቧንቧችን ውሃ ጨው ጨው የሚል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ነው። አብዝቼ ባለቀለቅኩ ቁጥር ልብሱ ገመድ ላይ እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ ይደርቃል። ልጅቷ እሱን ለብሳ ታክካለች። ስታክክ ጥፍሯን እቆርጣለሁ፤ ጥፍር ባይኖራት በግድግዳው ትታከካለች። እኔ እጇን ይዤ ከመቀመጥ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ተፈራ ከወደብ አዲስ አበባ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግን መጥቶ ባያት ቁጥር ያው ነገር ነው። «እናቴ ጋ አሰላ ልውሰዳት። ደጋ ነው፣ ውሃው ጥሩ ነው። እዚህ ምን ይዟት ነው?» ይለኛል። ምን ይዟት! እኔ ነኝ የያዝኳት። አብሬያት እንዳልሄድ፣ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በጽዳት እሠራለሁ፤ ሥራዬን ከለቀቅኩ ወረቀቴም ይቀራል፤ በእሱ ደሞዝ ብቻ ደግሞ ሁለት ቤት አይቆምም። ስለዚህ አሰላ ማለት ለእኔ ልጄን መስጠት ማለት ነበር። ይሄን ለእትዬ ፈትያ ስነግራት ወገቧን ይዛ ሰማችኝና «እስቲ መጀመሪያ ከውሃው ጋር እንጣላ» አለች።

ከውሃ ጋር መጣላት ታውቅበታለች። ውሃ ድንጋይ በሚሠራበት አገር ነው ያደግኩት ትላለች፤ ኩላሊቷን ያማት ስለነበር ጎኗን እየያዘች «አንዱን ድንጋይ ይኸው ይዤው መጣሁ» ብላ ትስቃለች። የእኛን ውሃ «ግትር ውሃ» ትለዋለች። ጥሩውን ደግሞ «ገር ውሃ»። አዲስ ውሃ ስታገኝ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ትጨምርና ሳሙና ፍቃ ከትታ ትንጠዋለች። አረፋው አንገቱ ድረስ ከሞላ «ገር ነው፣ ይግባ» ትላለች። ወተት መስሎ ከደፈረሰ «ግትር! ውጣ!» ብላ ትደፋዋለች። ሰው የምታባርር ነው የሚመስለው። ሆዳን በሯ ላይ ቆማ በሳቅ ትሞታለች።

እኔን ያስተማረችኝ እንዲህ ነው። የቧንቧውን ውሃ በባልዲ ቀድቶ የልብስ ሶዳ ጥቂት መበተን፣ ሳይነኩ ማቆየት፣ ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብሎ መገልበጥ። ሳሙና ከዚያ በኋላ ነው። ሲለቀለቅ ውሃው ውስጥ አቼቶ ጠብ ማድረግ። ሽታው አይቀርም ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ከባሕር በኩል ነፋስ ሲመጣ ልብስ አለማስጣት። እኔ ሁሉን ነገር ስለምፈራ ሶዳው ቆዳዋን ያቃጥላታል ብዬ መጀመሪያ የራሴን ሸሚዝ አጥቤ ለብሼ ዋልኩ። እትዬ ፈትያ አልሳቀችብኝም። «ደግ አደረግሽ» አለችኝ፤ «እኔም ትናንት ለብሼ ውያለሁ።»

ይሄ ሁሉ ረዳ፣ ግን አላዳነም። ማሂ መታከኳን ቀነሰች እንጂ አልተወችም። እትዬ ፈትያም በየቀኑ የደረቀውን ቀሚስ ዓይኗ ቆብ ላይ እያሸች «አሁንም ይናገራል» ትል ነበር።

እሷ የምትሠራው ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ፈረንሳዮች ቤት ነበር። ልብስ አጣቢም፣ ቤት ጠባቂም፣ ሁሉም ነገር ናት። አንድ ቀን ስትመጣ በትልቅ ጀሪካን ውሃ ተሸክማለች። ጎኗን እያመማት፣ ላብ በላብ ሆና። ጠርሙሷን አውጥታ ጨምራ ነቀነቀችው። አረፋው በጠርሙሱ አፍ ገንፍሎ ክንዷ ላይ ወረደ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«ምንድን ነው?» አልናት።

«የክሊም ላብ!»

ክሊም እዚህ የቤት ማቀዝቀዣውን ነው የሚሉት። ከኋላው ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሰው ሁሉ ረግጦት ያልፋል። ያ ውሃ ከአየር የመጣ ነው፣ ጨውም ድንጋይም የለበትም። የቤቱን ቱቦዎች በሙሉ በላስቲክ አገናኝታ አንድ ጀሪካን ውስጥ አስገብታቸዋለች። ማዳሟን ስታስፈቅዳት ማዳሟ «ምን ያደርግልናል፣ ውሰጂው» ብላታለች።

ከዚያ በኋላ የማሂ ልብስ መጨረሻ የሚለቀለቀው በዚያ ውሃ ሆነ። ገላዋን ስትታጠብም መጨረሻ ላይ የሚፈስባት እሱ ነው። ቀሚሷ ገመድ ላይ ሲደርቅ በነፋስ ይውለበለብ ጀመር፤ እኔ የልጄ ልብስ ሲውለበለብ ያየሁት ያኔ ነው። የክርኗ እጥፋት ደረቀ፣ ከዚያ ለሰለሰ። አንድ ቀን ተፈራ መጥቶ እጇን አገላብጦ አየና ሻይ ጠጣ። ስለ አሰላ አላነሳም። እኔ ማዕድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጀሪካኑን በሚኒባስ ነው የምታመጣው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ፣ ጀሪካኑን እንደ ሕፃን አቅፋ ሲያዩዋት ጊዜ ጠጋ ብለው «ሐጃ፣ ዘምዘም ነው?» ብለው ጠየቋት። «አስተግፊሩላህ! ዘምዘምስ አይደለም» አለቻቸው። «የክሊም ውሃ ነው። ግን አንዲት ሕፃን ትድንበታለች።» ሽማግሌው ጀሪካኑን ተቀብለው በእግራቸው መሀል አድርገው፣ ክዳኑን በእጃቸው ይዘው እስከ ካርቲየ ስድስት መጡ። ሲወርዱ «ጠብ አላለም» አሏት። ይሄን ስታወራ የሽማግሌውን ድምፅ ታወጣለች፤ ማሂ ደግሞ ድገሚልኝ ትላለች።

ዋናው ሙቀት ሲመጣ ፈረንሳዮቹ ለዕረፍት አገራቸው ሄዱ። ክሊሙ ይጠፋል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ድመት አለቻቸው። ድመቷ ሙቀት እንዳይገድላት ክሊሙ እንዲበራላት አዘው ነው የሄዱት። እትዬ ፈትያ ማታ ስትመጣ ጀሪካኑን አውርዳ «ድመቲቱ ሰላም ብላችኋለች» ትለናለች። መብራት ሲጠፋ ግን ክሊሙም ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ በኤሌክትሪኩ ላይ በሶማሊኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በምታውቀው ቋንቋ ሁሉ እርግማኗን ታወርድበታለች።

እኔ ግን ከመብራቱ ይልቅ ብርዱን ነበር የምፈራው። ጅቡቲ ውስጥ ሰው ሁሉ ሙቀቱ እንዲያልፍ ይጸልያል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ሰው ክሊሙን ያጠፋል፤ ክሊሙ ሲጠፋ ያ ውሃ የለም። ያ ወራት ሲመጣ ምን እናደርጋለን እያልኩ ስጨቃጨቃት «ሙቀቱ ሳያልፍ እናከማቻለን!» አለች። ነፃ የንግድ ቀጠናው አካባቢ ከሚሸጡት ሁለት ትልልቅ ሰማያዊ በርሜሎች ገዛች። ዘይት የነበረባቸው ናቸው፤ በሶዳ ደጋግማ ፈተገቻቸው። ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው በሆዳን በር አጠገብ ስለሆነ እዚያ አቆምናቸው። ሆዳን ራሷ ናት «እዚህ ይሁን» ያለችው።

ከዚያ በኋላ ከዕለቱ የተረፈው ሁሉ ወደ በርሜሉ ገባ። እትዬ ፈትያ እየገለበጠች በጣቷ ደረጃውን ትለካለች። ክዳናቸው ስለጠፋ አፋቸውን በአሮጌ ነጠላ አሰርነው። እሷ ለአቧራ ብላ ነው፤ እኔም ለአቧራ ነው ያሰብኩት። ሙቀቱ ሊያልቅ ሲል አንዱ ሞልቶ ሁለተኛው ከግማሽ አልፎ ነበር። ማታ ማታ ወጥቼ በርሜሉን መታ መታ አደርገዋለሁ፤ ድምፁ ሙሉ ሲሆን ልቤ ያርፋል። ያ ውሃ ልጄ እኔ ጋ የምትቆይባቸው ወራት ነበር።

የሆዳን ልጅ ኢፍራ ከማሂ በጥቂት ወር ነው የምታንሰው። ጠዋት ጠዋት እኔ ሥራ ስሄድ ማሂን የምትይዝልኝ ሆዳን ናት፤ ሁለቱ አብረው ነው ያደጉት። አንድ ሳምንት ኢፍራን አተኮሳት። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አልን። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ዓይኗ ተገለበጠ። ሆዳን አቅፋት እየሮጠች ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ወባ ነው አሏት፣ አስተኟት። ነርሷ «ግቢያችሁ የቆመ ውሃ አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሆዳን ልብስ ልትወስድ ስትመጣ በርሜሉ አጠገብ ቆመች። የስልኳን መብራት አበራች፣ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየች፣ መልሳ ሸፈነችው። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ በመስኮት እያየኋት ነበር።

እትዬ ፈትያ ከሥራ ስትመጣ ነገርኳት። ነጭ ሳህን አምጥታ ከበርሜሉ ጨለፈች። ሁለታችን ጎንበስ ብለን አየን። ሳህኑ ውስጥ ክር የሚያካክሉ ትሎች እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ነጠላው ለካ መሀሉ ተቀዷል።

«በጨርቅ እናጥልለዋለን» አልኳት ፈጥኜ። «አጥልለን ክዳን እንገዛለን። በደንብ እንከድናለን።»

«አጥልለን» አለች።

«በረኪና ጠብ እናድርግበት?»

«ከዚያስ ለማሂ ይሆናል?»

አይሆንም። በረኪና የነካው ጨርቅ እንኳ ይለበልባታል። ሌላ መድኃኒት ቢኖርስ ብዬ አሰብኩ፤ የሚሆነውን ማን ይነግረኛል? ሁለታችንም ሳህኑን ይዘን ቆምን።

«ቲጂዬ» አለችኝ። «አጥልለን እንከድነዋለን እንበል። እኔና አንቺ ጥሩ ነው እንላለን። ያቺ ግን በሯን በከፈተች ቁጥር የምታየው ይሄን በርሜል ነው። ልጇ ባተኮሳት ቁጥር የምታስበው ይሄን በርሜል ነው። አንቺ ብትሆኚ ትተኛለሽ?»

እኔ አልተኛም። እኔ ያለ በርሜልም አልተኛም።

«የሙቀቱን ወራት ሙሉ ተሸክመሽዋል እኮ» አልኳት።

«ተሸከምኩት» አለች። ጎኗን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው በርሜሉን ገፋችው። አልተነቃነቀም። በጣም ሞልቶ ነበር።

ሆዳን ድምፁን ሰምታ ወጣች። ምን እያደረግን እንደሆነ ሲገባት ሮጣ መጥታ በርሜሉን በሁለት እጇ አቀፈችው። አማርኛዋ ያን ጊዜ ብዙም አልነበረም። «አትድፉ» አለችን። «የማሂ ነው። አትድፉ። ማሂም ልጄ!» ታለቅሳለች። ልጇ ሐኪም ቤት ተኝታ እሷ በርሜል ታቅፋ «አትድፉ» ትላለች። እትዬ ፈትያ በሶማሊኛ ቀስ ብላ ብዙ ነገር ተናገረቻት። ምን እንዳለቻት እስከዛሬ አልጠየቅኩም። ሆዳን ቀስ በቀስ እጇን ላላ አደረገች። ከዚያ ሦስታችንም አንድ ላይ ገፋነው።

ውሃው ግቢውን ሞላው። ጅቡቲ መሬቱ እንዴት እንደሚጠጣ ለማያውቅ ሰው መንገር ያስቸግራል፤ እንደ ትልቅ ትንፋሽ ድምፅ አሰማና ዋጠው። ሁለተኛውን ስንደፋ ማሂ ከክፍላችን ወጥታ በባዶ እግሯ ውስጡ ትሮጥ፣ ትረጭ ጀመር። «እማ፣ ብዙ ነው! እማ፣ ሁሉም የኔ ነው?» ትላለች። እኔ ልቆጣት ስል እትዬ ፈትያ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪያት» አለች። «የሷ ነው።»

ኢፍራ ተሽሏት ወጣች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እንደ በፊቱ ከማሂ ጋር ይጫወታሉ። የብርዱ ወራት ገባ፣ ሰው ፊቱ በራ፣ ማታ ማታ ባሕር ዳር የሚሄደው በዛ። ፈረንሳዮቹ መስኮታቸውን ከፈቱ፣ ክሊሙን አጠፉ። እትዬ ፈትያ ባዶ ጀሪካን ይዛ ሄዳ ባዶ ጀሪካን ይዛ ትመለሳለች። ይዛ መሄዱን ግን አልተወችም። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የታሸገ ውሃ ከሱቅ ገዝተን ሞከርን፤ እሱን ሁልጊዜ ማን ይችለዋል? የማሂ ክርን እንደገና ተሰነጠቀ። አንገቷ ሥር ቆስሎ መግል ያዘ። ሐኪሙ መድኃኒት ጨመረ፤ መድኃኒቱን ስታቆም ይመለሳል።

አንድ ከሰዓት፣ ጫቱ ከተማ ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም ተቀምጦ ከተማው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ እትዬ ፈትያ የማሂን ቀሚስ ከገመዱ አወረደች። ዓይኗ ላይ ልታሸው አነሳችና ተወችው። አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ላኪያት» አለችኝ።

አልሰማሁም አልኩ። ሰምቻታለሁ።

«አቅቶኛል፣ ቲጂ። ሌላ የማውቀው ውሃ የለም። ላኪያት።»

ከተፈራ አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ መልስ ነበረኝ። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነብኝ። ተናደድኩባት። «አንቺ ልጅ ወልደሽ ታውቂያለሽ?» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አላልኳትም። እሷም ቀና ብላ አላየችኝም።

ማሂ የሄደች ቀን ልብሷን በሙሉ ያጠበችው እትዬ ፈትያ ናት። ሶዳውን፣ አቼቶውን፣ ሁሉንም እንደ ሥርዓቱ አድርጋ። «እዚያ እኮ ውሃው ጥሩ ነው፣ ለምን ትደክሚያለሽ?» አልኳት። «መንገድ ላይ ለምትለብሰው» አለች። ተፈራ መኪናውን ሲያስነሳ ማሂ በመስኮቱ ለኢፍራ፣ ለሆዳን፣ ለእትዬ፣ ለእኔ እጇን አወዛወዘች። ለጉብኝት የምትሄድ ነበር የመሰላት። እኔም እንደዚያ ነው የነገርኳት።

ከዚያ በኋላ እትዬ ፈትያ ዝም ያለች ሴት ሆነች። ውሃ መንጡን ተወች። ሕመሙ ባሰባት፣ እግሯ አበጠ፣ ሥራ መሄድ አቃታትና ወንድሟ መጥቶ ወደ ድሬ ወሰዳት። ስትሄድ እኔ ሥራ ነበርኩ። ተመልሼ ስመጣ ክፍሏ ተቆልፏል። በስልክ ስንነጋገር ሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «ክርኗ እንዴት ነው?» ትለኛለች። ደህና ነው እላታለሁ። እውነቴን ነው፣ ደህና ነው። አማቴ ደውላ «ኧረ እዚህ ሳሙናው አረፋው በዝቶ አልለቅ ብሎኛል!» ብላ ስታማርር ለእትዬ ነግሬያት በጣም ስቃ፣ ሳቋ ከሳል ጋር ተያይዞባት ስልኩን ለሰሚራ ሰጠቻት። በመጨረሻ የሰማሁት ድምፅዋ ያ ነው።

ይሄን የምጽፈው ወሬውን በሰማሁ በሳምንቱ ነው። ትናንት ተፈራ ከአሰላ ደወለ። ትምህርት ሊከፈት ነውና ልጅቷን እዚያ ላስመዝግባት ወይስ ይዣት ልምጣ ይለኛል። «ቆዳዋ ምንም የለበትም፤ አንቺ ወስኚ» አለኝ። ሁልጊዜ እሱ ነበር ልውሰዳት የሚለው፤ አሁን ለእኔ ተወው። የምጠይቃት እትዬ ደግሞ አፈር ለብሳለች። ከዚያ ስልኩን ለማሂ ሰጣት።

«እማ፣ ልምጣ?» አለችኝ። ድምፅዋ አድጓል። አነጋገሯ የአያቷን ይመስላል።

«ትመጫለሽ የኔ ቆንጆ። ሙቀቱ በረድ ይበል።»

ትንሽ አሰበች። «ሲበርድ እኮ ነው የሚያሳክከኝ።»

«እሺ፣ ሲሞቅ ትመጫለሽ።»

«ሲሞቅ እትዬ ውሃውን ታመጣልኛለች?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገርም ከፈትኩ። አንዱም አልወጣም። እሷ ትጠብቃለች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ከሩቅ ዶሮ ይጮኻል።

«እማ?» አለች። ደግሞ «እማ?» አለች። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ለአባቷ ስትናገር ሰማኋት።

«አባ፣ ተቋረጠ» አለችው።

አልተቋረጠም ነበር።